ሳያኖታይፕ ስቀባ ወረቀቱ ዥንጉርጉር ይሆንብኛል፤ ምን ይሻለኛል?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳያኖታይፕ፣ ማለትም መድኃኒት በተቀባ ወረቀት ላይ በብርሃን ሰማያዊ ፎቶ ማተም፣ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እስካሁን አንድም ወረቀት በወጉ አልቀባሁም። ቅመማው የተለመደው ነው፤ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት 25 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ 10 ግራም በሌላ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ እኩል እኩል። ብሩሹን ከቀለም መሸጫ ነው የገዛሁት። ደማቅ ሰማያዊ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የብሩሹ መስመር እንደ ታረሰ ማሳ ይታያል። በዚያ ላይ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሉ። ወረቀት ውድ ነው፣ እርዱኝ!

ጨለማ ክፍል፦
ስንት ታፈስሻለሽ? ለ20 በ25 ሳንቲ ሜትር ወረቀት 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። በስሪንጅ ለኪው። ደረቅ ብሩሽ ይዘሽም አትጀምሪ፤ ግማሹን ራሱ ይጠጣዋል። በተጣራ ውሃ ንከሪውና በደንብ አራግፊው።

የፒያሳዋ፦
ኧረ እኔ በግምት ነው! የተጣራ ውሃስ ከየት ላምጣ?

ጋሽ ብሩሽ፦
የመኪና ዕቃ መሸጫ ሂጂና የባትሪ ውሃ በይ። አሲዱን እንዳይሰጡሽ ብቻ ጽሑፉን አንብቢ። ነጠብጣቡን ግን ብሩሽሽን ጠይቂው። ፀጉሩን የያዘው ቆርቆሮ ነው አይደል? መድኃኒቱ ብረት ሲነካ እዚያው ሰማያዊ ይሆናል፤ ወረቀትሽ ላይ የሚረግፈው እሱ ነው። ብረት የሌለው ወይም የስፖንጅ ብሩሽ ያዢ።

አቀባቡ ላይ፣ መጀመሪያ ወዲያ ወዲህ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፣ በመጨረሻ ሳትጫኚ በጫፉ ዳበስ። ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ! ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። መድረቅ ሲጀምር «ይቺን ብቻ ላስተካክል» ይልና ይነካካዋል። መስመሩ የሚመጣው ያኔ ነው፤ የወረቀቱም ቃጫ ይነሳል። እኔ ራሴ በዚህ አመሌ ስንቱን ወረቀት ጨርሻለሁ።

ዘንግ ይሻላል፦
እኔ ብሩሽ ከተውኩ ቆየሁ። የመስታወት ዘንግ ወረቀቱ ላይ አጋድሚ፣ መድኃኒቱን በዘንጉ ጥግ በመስመር አፍስሺ፣ ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላ ጠብቂና ሳትጫኚ ጎትቺ። አራት አምስት ምልልስ በቂ ነው። መድኃኒትም ይቆጥባል። ሻካራ ወረቀት ላይ ግን አይሞከርም፤ ጎድጎድ ያለውን ይዘለዋል።

ጨለማ ክፍል፦
አንድ የረሳነው ነገር፣ አሁን በጋ ነው። አየሩ ሲደርቅ ወረቀቱም ይጠማል፤ ብሩሹ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ሁሉንም ይመጠዋል። ሻወር ከወሰድሽ በኋላ ወረቀቱን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትንሽ ስቀዪው። ከቀባሽው በኋላ ደግሞ ጨለማ ቦታ አጋድመሽ ተዪው። ላዩ ማብረቅረቁን ሳይተው ከሰቀልሽው ወርዶ ዳሩ ላይ ይጠራቀማል። ፀጉር ማድረቂያም ካስፈለገ ከዚያ በኋላ፣ ያውም በቀዝቃዛው።

የፒያሳዋ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ የብሩሹ ጉድ ነበር! በስፖንጅ ስቀባ ነጠብጣቡ ጠፋ። መታጠቢያ ቤቱም፣ 2 ሚሊ ሊትሩም ሠርቷል። መስመሩ አሁን ፈልገሽ ካልሆነ አይታይም። ግራ ጥግ ላይ ግን አሁንም ይቋጥርብኛል።

ጋሽ ብሩሽ፦
ጠረጴዛሽ ዘሞ እንዳይሆን። እርሳስ አስቀምጪበትና ይንከባለል እንደሆነ እዪ። እስከዚያ የቋጠረውን በሶፍት ጫፍ ነካ አድርገሽ አንሺው እንጂ አትጥረጊው።

የፒያሳዋ፦
እርሳሱ ተንከባሎ አልጋ ስር ገባ። ጠረጴዛው ምንም አላለም፣ የዘመመው ወለሉ ነው፤ የድሮ ቤት አይደል! በግራ በኩል ካሉት እግሮቹ ስር ካርቶን አስገብቻለሁ።