«ኢ» በተኔ ወሎን «ውሎ» አደረገችብኝ፣ መላ በሉኝ

ጸሐፊዋ ከደሴ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰኞ ገበያ አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። የላፕቶፔ የእንግሊዝኛዋ «ኢ» (E) በተን፣ ከ3 ቁጥር ሥር ያለችው፣ ጠንከር አድርጌ ካልመታኋት ዝም ትላለች። የምጽፈው በኪማን፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ በተኖች በሚያስጽፈው ፕሮግራም፣ ስለሆነ እሷ ስትጠፋ ግዕዙ ሁሉ ሳድስ ሆኖ ይወጣል። «ሰላም» ስል «ስላም»፣ «ደሴ» ስል «ድሲ»። ትናንት አንድ አባት የጻፍኩላቸውን ይዘው ሄደው ተመለሱና «የኔ ልጅ፣ ደቡብ ውሎ የሚባል ዞን የት ነው?» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኪቦርዱን ሙሉ ልቀይረው ወይስ መላ አለው?

ጠጋኙ ኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። የዊንዶውስና የኮንትሮል በተኖችን ይዘሽ «ኦ»ን ስትጫኚ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል። እዚያ ላይ «ኢ»ን በማውስ ንኪያት። ከጻፈች ሶፍትዌሩ ደህና ነው፣ የታመመችው በተኗ ናት። ለመሆኑ ምን ፈሶባት ነው? እውነቱን ንገሪን።

ጸሐፊዋ ከደሴ፦
ጻፈች! ወላሂ ምን እደብቃለሁ፣ በረካው ነው። ጎረቤቴ ቡና ጀባ ስትለኝ እጄ ነካውና ተደፋ፣ ስኳር የበዛበት። ያኔ በሶፍት ጠርጌው ደህና ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ነው የጀመራት።

ጠጋኙ ኮምቦልቻ፦
በይ ስኳሩ ነው። ቡናው ይደርቃል፣ ስኳሩ ግን ከሥር እንደ ሙጫ ይዞ ይቀራል። ላፕቶፑን አጥፊው፣ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጪው። ከዚያ የበተኗን ክዳን በጥፍርሽ ከአንዱ ጥግ ቀስ አድርገሽ አንሺ፤ ካስቸገረሽ ተዪው፣ ከሥሩ ያለችው መቀስ የምትመስል ፕላስቲክ ከተሰበረች ሌላ ጣጣ ነው። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ከ90% በላይ አልኮል ነክረሽ ዙሪያውን ጥረጊ። ጥጡ ይረጥብ እንጂ አይንጠብጠብ። ሳኒታይዘር ጄል እንዳትሞክሪ፣ ራሱ ይለጥፋል። መሀል ያለችውን ትንሽ ጎማ አትንቀያት። በደንብ ሳይደርቅ እንዳታበሪው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እኔም አንድ ነገር ልበል። ሌሎች ፊደሎችም አብረው ካበዱ በማጽዳት ጊዜ አትፍጂ፣ በተኖች ከሥር መስመር ስለሚጋሩ ያኔ ኪቦርዱ መቀየሩ ነው። እስከዚያ ሥራሽ እንዳይቆም የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰኪ። እሱ ከሌለ ሻርፕኪስ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፣ ካፕስ ሎክን «ኢ» ታደርግልሻለች፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ስታስነሺው ነው የሚሠራው። እኔ ስድስት ወር እንደዚያ ጽፌያለሁ፣ አሁንም ጣቴ ካፕስ ሎክ ላይ ይሄዳል።

ጸሐፊዋ ከደሴ፦
አላህ ይስጣችሁ! አጸዳኋት። ጥጡ ቡኒ ሆኖ ነው የወጣው፣ አፈርኩ። ለአባባ በነፃ ደግሜ ጻፍኩላቸው። ከዚያ ለሙከራ «ወሎ ወሎ ወሎ» እያልኩ ግማሽ ገጽ ሞላሁ፣ አንዷ ብቻ «ውሎ» ወጣች። ነገ አንድ ዙር እደግማታለሁ።