የቮልስዋገን ጎልፍ 4 መኪና የኋላ ፍሬን፦ ፒስተኑ አልገባ አለ

ጥያቄ፦ የኋላ ዲስክ ሸራ እየቀየርኩ ነው። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በሞርሳ ብጫነውም ንቅንቅ አይልም። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ሞርሳውን ተወው! የእጅ ፍሬኑ ካሊፐሩ (ፒስተኑን የያዘው አካል) ውስጥ ስላለ ፒስተኑ እንደ ቡሎን በጥርስ ነው የሚሄደው፤ በግድ ከገፋኸው የውስጡ ማስተካከያ ይሰበራል። የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ክፈት፣ ከዚያ እየተጫንክ በሰዓት አቅጣጫ አዙረው። የጎማ ሽፋኑ አብሮ ከተጠማዘዘ ቁም፤ ከተቀደደ ውሃ ገብቶ ፒስተኑ ይዝጋል።

መልስ 2፦ ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ ተከታተል፣ ቀለም ይልጣል። ካሊፐሩን በፍሬን ዘይት ቱቦው አታንጠልጥለው፣ በሽቦ እሰረው። የካሊፐሩን ባለ 13 ቁልፍ ቡሎን ስትፈታ ፒኑን (ካሊፐሩ የሚንሸራተትበትን ዘንግ) እንዳይዞር በ15 ቁልፍ ያዝ። ስትገጥም ቡሎኖቹ አዲስ ይሁኑ፤ ማጥበቂያው 35 ኒውተን ሜትር ነው።

መልስ 3፦ ከመንዳትህ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ እርገጥ። የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ የካሊፐሩ ማንሻ ወደ መቆሚያው ካልተመለሰ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተይዟል፤ አዲሱንም ሸራ ይበላዋል።