የታይላንድ ላከርና ሐር ለዱባይ ሳሎን፦ የቱን ወርክሾፕ ልያዝ?

ጠያቂ፦ ሳሎን
ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ የቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። አንድ ደንበኛዬ ታይላንድ ደርሶ መጥቶ ሳሎኑ «እንደዚያ አገር» እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ የሆቴል መግቢያ መምሰል ግን የለበትም። 3 ሜትር ስፋት ያለውን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ላከር (እንጨት ላይ የሚቀባ አብረቅራቂ ሽፋን) ላይ በተሣለ የወርቅ ሥዕል፣ ሶፋውን ደግሞ በሙድሚ ሐር (ጥለት ያለው የታይላንድ የእጅ ሽመና) ላለብስ አስቤያለሁ። በሰሜን ታይላንድ ቺያንግ ማይ ከተማ ያለ ወርክሾፕ 4 ወር ጠየቀኝ። ሌላው በ3 ሳምንት አደርሳለሁ ይላል፣ ዋጋውም ግማሽ ነው። ደንበኛው የሰጠኝ 6 ሳምንት። ምን ትላላችሁ?

አናጺው
እህቴ፣ የ3 ሳምንቱ የፋብሪካ ቀለም መሆኑ አይቀርም። እውነተኛው ላከር፣ ታይላንዶች «ራክ» የሚሉት፣ ከዛፍ የሚቀዳ ፈሳሽ ነው። እንደ ቀለም ንፋስ ስለመታው አይደርቅም፤ የሚጠነክረው እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ነው። አንዱ ሽፋን ሳይጠነክር ሌላው አይደረብም፣ በየመሃሉም ይፈገፈጋል። ጊዜውን የሚበላው ይሄ ነው።
የወርቁ አሠራር «ላይ ሮት ናም» ይባላል፤ በውኃ የታጠበ ሥዕል እንደማለት። ጥቁር ሆኖ መቅረት ያለበትን ቦታ በሙጫ በታሸ ቢጫ ቀለም ይሸፍኑታል። ከዚያ ስስ ላከር ያብሱበትና የወርቁን ቅጠል ይለጥፉበታል። በመጨረሻ ውኃ ሲፈስበት ቢጫው በላዩ ያለውን ወርቅ ይዞ ይወርዳል። በፋብሪካ ወርቅማ ቀለም የተሠራው አጠገቡ ሲቆም ያሳፍራል።
እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሥሩ ያለው እንጨት ነው። ዶሃ ላይ ከወጥ ጣውላ የተሠራ አንድ ሰሌዳ ኤሲው አድርቆ ሰነጠቀብኝ። በጥሩ ኮምፔንሳቶ ላይ እንዲሠሩልሽ ንገሪያቸው። ግድግዳውን ሙሉ አታልብሺው፤ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው 3 ሰሌዳዎች፣ በመሃላቸው ክፍተት ትተሽ፣ ይበቃሉ።

ድርና ማግ
ስለ ሐሩ፦ ሙድሚ ማጉ ገና ሳይሸመን ተቋጥሮ የሚነከርበት ጥበብ ነው፤ የሥዕሉ ጠርዝ ጭስ የሚመስለው ለዚህ ነው። በየቀኑ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ማልበስ ግን ግፍ ነው፣ ያልቃል። ለትራስ ልብስ ወይም ለግድግዳ አድርጊው፤ ለመቀመጫው ወፍራምና ወጥ ቀለም ያለውን ሐር ምረጪ። የእጅ ሥራው ወርዱ ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስፌቱ የት እንደሚወድቅ አስቀድመሽ አስቢ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከተነከረው እዘዢ። የታይላንድ ሐር ደረጃ የሚለይበትን የጣዎስ ማህተምም እዪ፦ ወርቃማው የአገሬው ትል ሐር ሆኖ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ነው፣ አረንጓዴው ከሌላ ክር ጋር የተቀላቀለ።
ሐሩን ለዘመናዊ ሳሎን በማዋሌ ወጉን አፈረስኩ ብለሽ አትጨነቂ፤ ወጉ ከዚህ በፊትም ተለውጧል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጂም ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ ከባንኮክ የባን ክሩዋ ሰፈር ሸማኔዎች ጋር ሲሠራ የማይለቅ ቀለም አስገብቷል።

ከባንኮክ
ደንበኛሽ የቡድሃ ራስ ልጨምር ካለሽ እምቢ በይው። እዚህ ሰው ቅር ይለዋል፤ የቡድሃን ምስል ከአገር ለማውጣትም የታይላንድ መንግሥት የጥበባት መምሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመብራት መቆሚያ የቺያንግ ማይ ሴላደን፣ አረንጓዴ አብረቅራቂ ሽፋን ያለው ሸክላ፣ አለልሽ፤ አረንጓዴው ከጥቁር ላከር ጋር ይሄዳል።

ሳሎን
ተባረኩ። ደንበኛው በ3 ሰሌዳ ተስማማ፣ 4 ወሩንም አጉረምርሞ ተቀበለ። መጀመሪያ ናሙና ይልኩልኛል። አናጺው፣ ሰሌዳውን ስወለውለው ውኃ ቢነካው ይበላሻል እንዴ?

አናጺው
እርጥብ ጨርቅ አይጎዳውም፣ አትፈግፍጊው እንጂ። የሚፈራው ፀሐይን ነው፤ ከመስኮቱ አርቂው።