“ፊሊበስተር” በአማርኛ ምን ይባል?

ቃል ለቃሚ፦ ሰላም ለቤቱ። የአሜሪካን ዜና ስከታተል “ፊሊበስተር” የምትል ቃል አላስቀምጥ ብላኛለች። “ንግግር በማስረዘም ሕግ ማጓተት” ሲሏት ሰምቻለሁ። ግን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ከኦክቶበር ጀምሮ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥታቸው 43 ቀን ሲዘጋ፣ ሰበቡ ፊሊበስተር ነው ተባለ እንጂ ሌት ተቀን ሲናገር የከረመ ሴናተር አላየሁም። ምኑን ነው ያጓተቱት?

የሸንጎ ጆሮ፦ ወንድሜ፣ የሰማኸው የድሮው ትርጉም ነው። በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ (በሴኔቱ) አንድ አባል መናገር ከጀመረ በቀላሉ “በቃህ” የሚለው የለም። እስከ 1917 ጭራሽ ማስቆሚያ ደንብም አልነበራቸውም። የሉዊዚያናው ሂዩይ ሎንግ በ1935 ከ15 ሰዓት በላይ ሲያወራ የምግብ አሠራር ሳይቀር አስረድቷል። አስበው፣ የጥብስ አሠራር በምክር ቤት ቃለ ጉባኤ! ስትሮም ተርመንድ ደግሞ በ1957 የዜጎች መብት ሕግን ለማክሸፍ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገረ። ሕጉ ግን አለፈ።

ዛሬ ጉሮሮ መድረቅ ቀርቷል። ከ100ው አባላት 60ው “ክርክሩ ይብቃ” ካላሉ አብዛኛው ረቂቅ ለድምፅ አይቀርብም። ስለዚህ 41 ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሕግ ያስቀራል። ሪፐብሊካኖቹ የያዙት 53 ወንበር ነው። መንግሥት የተከፈተውም፣ ከሪፐብሊካኖቹ አንዱ ቢቃወምም፣ ከዴሞክራቶች ወገን ስምንት አባላት ድምፃቸውን ከእነሱ ጋር ሰጥተው 60 ሲሞላ ነው።

ፊደል ወዳጅ፦ ሴናተር ኮሪ ቡከርስ? በ2025 ከ25 ሰዓት በላይ ቆሞ ተናግሮ የተርመንድን ክብረ ወሰን ሰብሮ የለ?

የሸንጎ ጆሮ፦ ሰብሯል። ግን ያገደው ረቂቅ ስላልነበረ ፊሊበስተር አይባልም፤ የተቃውሞ ንግግር ነው።

ፊደል ወዳጅ፦ እንግዲያው እኔ “እገታ” እላለሁ። የቃሉ ሥር ከደች ተነሥቶ በስፓንኛ በኩል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም የባሕር ወንበዴ ማለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም እንደ ዊሊያም ዎከር ያሉትን፣ የግል ጦር አደራጅተው የሰው አገር የሚወሩትን ይጠሩበት ነበር። እሱማ ኒካራጓ ሄዶ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሷል።

ቃል ለቃሚ፦ “እገታ” ብቻውን ከተጻፈ ግን አንባቢ ሰው የታገተ ነው የሚመስለው። በተለይ በዚህ ዘመን።

የሸንጎ ጆሮ፦ “ረቂቅ ማገት” ቢባል ያስኬዳል። “ማጓተት” ግን አልወደድኩትም። የተጓተተ ነገር ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ እዚያ ግን ብዙው ረቂቅ ታግዶ ይቀራል።

ቃል ለቃሚ፦ ተስማማሁ። አንድ ያልገባኝ፦ የትራምፕ ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ በጁላይ 2025 ያለ 60 ድምፅ እንዴት አለፈ?

የሸንጎ ጆሮ፦ የበጀት ማስታረቂያ የሚሉት ልዩ መንገድ አላቸው። በዚያ የሚመጣን ረቂቅ ማገት አይቻልም፤ ተራ አብላጫ ይበቃል። እሱም ቢሆን 50 ለ50 ሆኖ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቫንስ ናቸው በድምፃቸው የለዩት።