ታሪክን ከጥንት ሰነዶች በቤት ማስተማር፦ በየትኛው ልጀምር?

የለገጣፎ እናት
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የ11 እና የ14 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታሪክን በዘመኑ ከተጻፈው ከራሱ ላስተምራቸው አስቤያለሁ፤ ከደብዳቤ፣ ከአዋጅ፣ ከድንጋይ ጽሑፍ። ክርስቲያን ሆነው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ፤ ትምህርቱ ግን ስብከት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። በየትኛው ሰነድ ልጀምር? አንድ ሰነድ ላይስ እንዴት ይሠራል? ገድልና ስንክሳር ከታሪክ ምንጭ ይቆጠራሉ ወይ?

የታሪክ መምህር፣ ሰበታ
እህቴ፣ በአክሱሙ ንጉሥ በዒዛና ጀምሪ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ለውጡም በዓይን ይታያል።

መጀመሪያ የሁለት ሳንቲሞቹን ፎቶ ጎን ለጎን አሳትመሽ አቅርቢ፤ አንዱ ጨረቃና ክብ ምልክት ያለበት፣ ሌላው መስቀል ያለበት። «የትኛው ይቀድማል? በምን አወቃችሁ?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። መልሱን ቀድመሽ ከነገርሻቸው የቀረው ሰዓት ሽምደዳ ነው የሚሆነው። ከዚያ ወደ ድንጋዩ እለፊ። በቀደሙት ጽሑፎቹ ንጉሡ ድሉን ከክርስትና በፊት ይመለክ ከነበረው ጣዖት ከማሕረም አገኘሁት ይላል፤ በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ከሰማይ ጌታ ነው ይላል፤ በግሪክኛ የተጻፈው ደግሞ አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን በስም ይጠራል።

በሦስተኛው ሳምንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊውን ሩፊኖስን ጨምሪ። የመጀመሪያው ጳጳሳችንን የፍሬምናጦስን (የአባ ሰላማን) ታሪክ አብሮት ከተማረከው ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማ ራሱ ይናገራል። አጠገቡ ሉቃስ 1፥1-4ን አስቀምጪ፤ ወንጌላዊው ከዓይን ምስክሮች የመጣውን በጥንቃቄ እንደ መረመረ ይናገራልና ልጆቹ መጠየቅና ማጣራት ከእምነት ጋር እንደማይጣላ ከዚያ ይማራሉ። ቀጥሎ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ አለ፤ ያቆየልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ደብዳቤው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው (የወልድን ከአብ ጋር መተካከል በሚክደው) ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ያዝዛል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይኸኛው ነው። የፍሬምናጦስን ጵጵስና ሊያስጥል የተነሣ ሰው ሳያስበው መሰከረለት።

አሠራሩ ላይ፦ በአንድ ቅዳሜ ከ15 እስከ 20 መስመር ይበቃል። በትልልቅ ፊደል አሳትሚ፣ በቀኝ በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዪ። አንዴ አንቺ፣ አንዴ ልጆቹ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ከዚያ የደብተሩን ገጽ ለሦስት ክፈሉት፦ ጽሑፉ የሚለው፣ እኛ የገመትነው፣ ገና ያላወቅነው። ልጆች ግምታቸውን በመጀመሪያው ክፍል መጻፍ ይቀናቸዋል። ስለዚህ እዚያ ለሚጻፈው ሁሉ «የትኛው መስመር ላይ አገኘኸው?» በይ፤ መስመሩን ካላሳየ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። ከ40 ደቂቃ አታሳልፊ።

ዲያቆን፣ ሱሉልታ
ስለ ገድልና ስንክሳር ለጠየቁት፦ አዎ፣ ምንጭ ናቸው፤ ግን የምን ምንጭ እንደሆኑ መለየት አለበት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የኖሩት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በሰፊው የሚታወቀው የደብረ ሊባኖሱ ገድል የተጻፈው ካረፉ ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ገድሉ ቤተ ክርስቲያን ጻድቁን እንዴት እንዳሰበችና መነኮሳቱ ምን እንደወረሱ በቀጥታ ይመሰክራል፤ ስለ ጻድቁ ዘመን የሚነግረን ግን ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የቆየውን ነው። ይህን ለልጆቹ በአክብሮት መንገር ይቻላል። የሚጎዳቸው ሁለቱን ደባልቆ ማስተማር ነው፤ አድገው ልዩነቱን ከሌላ ሰው ሲሰሙ እምነታቸውም አብሮ ይናወጣል።

አባት፣ ቡራዩ
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ወደ ነገሥታቱ ደብዳቤ ስትደርሺ ስለሚገጥምሽ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትን እንውሰድ። አባቶቻቸው ነገሥታት ፈጣሪን ስለበደሉ መንግሥታቸው ለሌሎች እንደተሰጠ፣ እሳቸውን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ እንዳነሣቸው ይናገራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። «አያችሁ፣ እግዚአብሔር ቴዎድሮስን መረጠ» ብሎ ያልፋል። ደብዳቤው የሚያስረዳው ንጉሡ ራሳቸውን እንዴት እንዳዩና ቪክቶሪያ እንዴት እንድታያቸው እንደፈለጉ ነው። የእግዚአብሔር ፍርድ ምን እንደነበር ከደብዳቤው አይገኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ንጉሥን እንዲህ አያሳልፍም፤ እግዚአብሔር የቀባው ዳዊት እንኳ ናታን ፊቱ ቆሞ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል። 2ኛ ሳሙኤል 12ን በዚያው ቅዳሜ አንብቡት።

በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ የኦሮሞ ሕዝብ የተጠራበት ስም ዛሬ ስድብ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ልጆቻችን ከኦሮሞ ልጆች ጋር ነው የሚያድጉት፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ኦሮሞ ናቸው። ቃሉን ፍቀሽ አታሳትሚ፤ ሰነድ መፋቅ በሐሰት መመስከር ነው። ግን ሳታስጠነቅቂም አታንብቢው። ከማንበብሽ በፊት ማን ማንን በዚህ ስም እንደጠራ፣ ሕዝቡ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ንገሪያቸው፤ ስታነቢም «ኦሮሞ» ብለሽ አንብቢ። ለ11 ዓመቱ ልጅ ይህ ከደብዳቤው ይዘት የበለጠ ትምህርት ሊሆነው ይችላል።

ዓመተ ምሕረቱንም ተጠንቀቂ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። የምኒልክ የክተት አዋጅ መስከረም 1888 ነው፣ ማለትም 1895 እ.ኤ.አ.፤ የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ ማለትም 1896። በሁለቱም ላይ 8 የሚደምር ልጅ አዋጁን ከውጊያው በኋላ ያደርገዋል። የአዋጁን ቃል ደግሞ ከቴሌግራም አትውሰጂ፤ እዚያ የሚዞሩት ቅጂዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደተወሰደ ያልተጻፈበትን ተዪው።

የለገጣፎ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፦ የደብረ ሊባኖስን እልቂት በሰነድ ማስተማር ለዚህ ዕድሜ ይሆናል?

የታሪክ መምህር፣ ሰበታ
ለ14 ዓመቱ ይሆናል፣ ለ11 ዓመቱ ይቆይ። የጣሊያኑን ገዥ የግራዚያኒን የግንቦት 1929 ቴሌግራም ተጠቀሚ፤ 297 መነኮሳት እንዳስረሸነ የገዳዩ የራሱ ቃል ነው። በኋላ የተደረገው ጥናት ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር እንዳገኘ ንገሪውና፣ ገዳይ የራሱን ሥራ ለምን አሳንሶ ሊጽፍ እንደሚችል በሁለተኛው ክፍል ይጻፍ። ፎቶግራፍ አታሳዪው፤ ጽሑፉ ብቻ ይበቃል።