ከፍሳሹ በላይ ያለው ጭቃ እንዴት ክሮሚየም ይበዛበታል?

የቦርከና ልጅ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ነኝ። ለማስተርስ ጽሑፌ ከቦርከና ወንዝ ጭቃ እየሰበሰብኩ ነው። ከፋብሪካ ፍሳሽ መግቢያው በላይ ሁለት ቦታ፣ በታች ሦስት ቦታ ወሰድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ግራ ገባኝ። ክሮሚየም የሚባለው ከባድ ብረት ከላይ በዝቶ ከታች አነሰ! ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ ደግሞ ወንዝ ከባሕር ስለሚገናኝበት ደለል ነው የሚያወራው። አባቴ ከታች በኩል ሽንኩርት ያጠጣል። «ታዲያ ደህና ነው በለኛ» ይለኛል።

ወንፊት፦ አብሽር። የታችኛውን በጣትህ አሽተኸዋል?

የቦርከና ልጅ፦ ይከረክራል፣ አሸዋ ነው። የላይኛው እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ሁለት ቀን ከጥፍሬ ሥር አልወጣም።

ወንፊት፦ በቃ፣ ተገኘ። ክሮሚየሙን አጥብቆ የሚይዘው ደቃቁ ጭቃ ነው፤ አሸዋ ብዙም አይዝም። አንተ ጤፍና ገለባ በአንድ ቁና ሰፍረሃል። ሁሉንም በ63 ማይክሮሜትር ወንፊት ንፋና ደቃቁን ብቻ አስለካ። የናይለኑን ተጠቀም፣ የነሐሱ መዳብ ይጨምርብሃል። አሉሚኒየምም አብረህ አስለካና ክሮሚየሙን ለእሱ አካፍለው፤ ምን ያህል ሸክላ እንዳለበት የሚነግርህ እሱ ነው።

ወንዝ ከባሕር ሲገናኝ ጨዋማው ውሃ ደቃቁን እያጣበቀ ያዘቅጠዋል። የኛ ቦርከና ግን ባሕር አያይም። አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አንተ ግን ጨፋ አለልህ፣ ከኮምቦልቻ በታች ያለው ረግረጋማ ሜዳ! ውሃው ሜዳው ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፣ የተሸከመውን ያወርዳል። ከዚያ ሳትወስድ እንዳትጽፍ።

የሐይቅ ዳሯ፦ ወንድምዓለም፣ የወሎ ተራራ እኮ ባዛልት ነው። ክሮሚየምና ኒኬል በተፈጥሮው አለው። የተፈጥሮውን መጠን፣ ማለትም የምታወዳድርበትን መነሻ፣ ከመጽሐፍ አትቅዳ፣ ፋብሪካ ከማይነካው ገባር ጭቃ ውሰድ። ደግሞም ከድንጋዩ ጋር የተፈጠረው በቀላሉ አይለቅም፤ ከፍሳሽ መጥቶ ጭቃው ላይ የተለጠፈው ይለቃል። በደካማ አሲድ የሚወጣውን ለብቻ አስለካ። በምን ያዝከው ግን?

የቦርከና ልጅ፦ በቆርቆሮ ባልዲ።

የሐይቅ ዳሯ፦ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ የዚንክ ውጤትህን እርሳው እንግዲህ።

ወንፊት፦ ለአባትህም «ደህና ነው» እንዳትለው። ጭቃው ሌላ፣ ውሃው ሌላ። ሽንኩርቱን ራሱን አስመርምርለት።

የቦርከና ልጅ፦ እሺ፣ ቅዳሜ ጨፋ እወርዳለሁ። አባቴ «የናትህን ወንፊት ውሰድ» አለኝ። እሷ ግን ደብቃዋለች።