የድሮ ማስታወቂያ በሕዝብ ገንዘብ ይሰብሰብ? ተሟገቱበት

የታይዋኑ ዴክ ሠሪ፦
ጀመዓው፣ ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ልጣል፣ እናንተ አንሱት።

እኔ እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ጥግ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) እሠራለሁ። እሠራ ነበር ብል ይሻላል። አሁን ሰው የሚመጣው የሰርግ ካሴት ፍላሽ ላይ ለማስገልበጥ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጃቸውን ሰርግ አመጡ። ሙሽሮቹ መኪና ገቡ፣ ሆታው ቀለጠ፣ ከዚያ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ከሥሩ የድሮው ኢቲቪ ብቅ አለ። ለካ ሰርጉ የተቀረጸው ሌላ ነገር በነበረበት ካሴት ላይ ነው። አንዲት ሴት ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ታሰጣለች። የሳሙና ማስታወቂያ ነው፣ ዘፈን አለው። ቀጥሎ የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና መግቢያ ሙዚቃ። አንባቢው ቀና ሲል ካሴቱ ጧ ብሎ ቆመ። ሁሉም ተደምሮ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ቻርጀር ሊገዛ የገባ ጎረምሳ እንኳ ስልኩን ትቶ ቆሞ አየ።

እናትየው ግን "ይሄን ቁረጥና ሰርጉን ብቻ ስጠኝ" አሉኝ። ሰርጉን ሰጠኋቸው። ሰባቷን ደቂቃ አስፈቅጄ አስቀረኋት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ እንዲህ ዓይነቱን ከየቤቱ ሰብስቦ ማስቀመጥ የከተማው ሥራ አይደለም? ትንሽ በጀት፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ደህና ዴክ። እኔ ነው እላለሁ።

የሐረሩ መምህር፦
አቦ ተወን! ለሳሙና ዘፈን በጀት? እኛ ጋ ጁገልን ከነግንቡ ጠብቆ ማቆየት ራሱ ስንት ወጪ አለው። ሸሪፍ ሙዚየምን አይታችኋል? የብራና መጽሐፉም፣ ሳንቲሙም፣ የድሮ ሙዚቃ ቅጂውም በአንድ ሰው ልፋት ነው የተሰበሰበው። መጀመሪያ በጀት ጠይቆ አይደለም። አንተም ፍቅሩ ካለህ ሰብስብ፣ ማን ከለከለህ።

ሁለተኛው ነገሬ ግን ይከብዳል። የዜናው ሙዚቃ ናፈቀን የምትሉት የትኛው ነው? በደርግ ጊዜ ያ ሙዚቃ ሲጀምር እኛ ቤት ወሬ ይቆማል። አጎቴ ሰሜን ግንባር ነበር። እናቴ ስለ ግንባሩ የሚነበበውን የምትሰማው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው። ከዜናው በፊትም ከዜናው በኋላም ያው ሳቅና ዘፈን ነበር። ለእኔ ማስታወቂያው የዚያ ሁሉ ልባስ ነው። እናንተ "ደጉ ዘመን" ብላችሁ ስታጫውቱት የማን ደግ ዘመን እንደሆነም ጻፉበት።

የከዚራዋ፦
ጋሽ መምህር፣ በእናትዎ ነጠላ መጥተውብኝ ልከራከርዎ ከበደኝ። ግን እርስዎ አሁን የነገሩን ነገር እኮ ያለዚያ ሙዚቃ አይመጣም ነበር። ሙዚቃው ከጠፋ ነጠላውን ማን ያስታውሰዋል?

እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ በር ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ አባዬ ኪስ። ላዩ ላይ እማዬ የሠራችው ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። የሰፈር ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፍ ላይ ይደረደራል። የድሬ ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ሃያ ልጅ በአንድ ክፍል። ዜና ለአባዬ ነው፣ የእኛ ድርሻ ማስታወቂያው ነበር። ኢቲቪ በ1977 ባለቀለም ሆኗል ይባላል። እኛ ቤት ግን ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት ጥቁርና ነጭ ነው። አንዱ ሳሙና ሮዝ መሆኑን ያወቅኩት ሱቅ ተልኬ ነው። "ይሄ አይደለም" ብዬ ባለሱቁን ተጣላሁት።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ወሪያ፣ ሁላችሁም ረስታችሁታል። ያ ማስታወቂያ ውስጥ ድሬ የት አለች? አዲስ አበባ ተሠርቶ፣ አዲስ አበባ ተዘፍኖ ነው የመጣልን። የእኛ ቤት ወሬ ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው። አያቴ አንድ ቃል ሳይገባት ነው ያንን ሁሉ ማስታወቂያ ያየችው። የእኛ ከተማ ሸቀጥ ደግሞ በቴሌቪዥን አይተዋወቅም። ከጅቡቲ ይገባል፣ ታይዋን ላይ በጩኸት ይሸጣል፣ አለቀ። ገንዘብ ካለ የገበያውን ጩኸት ቅረጹ። የድሮው ባቡር ፊሽካስ ማን ጋ አለ? እሱ ነው የእኛ ማስታወቂያ!

የከዚራዋ፦
ፊሽካው ላይ እስማማለሁ። ግን አያትህ ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ስትፈልግ ምን ብላ ነው የምትልክህ?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ኦሞ 😄

የከዚራዋ፦
አየህ! የየትኛውም ፋብሪካ ዱቄት ቢሆን ኦሞ ነው። መሐረብ ወረቀቱ ሶፍት ነው። ሃይላንድ የሚባለው ውኃ ከገበያ ጠፍቶ እንኳ፣ ዛሬም ባዶ ፕላስቲክ የሚለቅም ልጅ "ሃይላንድ አለ?" ብሎ ነው በር የሚያንኳኳው። ልጁ ውኃውን ቀምሶት አያውቅም። አያትህ አማርኛው አልገባት ይሆናል፣ ቃሉ ግን ቤቷ ገብቷል። ይሄ የድሬ ታሪክ ካልሆነ ምን ይባላል?

ጠበቃው፦
በመሐል ሕግ ላስገባ፣ አትቆጡ። መሰብሰብ ሌላ፣ ማሠራጨት ሌላ ነው። ከየቤቱ በምትሰበስቡት ካሴት ላይ የቢራ ማስታወቂያ መኖሩ አይቀርም፣ የራሳችን የሐረር ቢራም ቢሆን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በብሮድካስት ማስተዋወቅ ከልክሏል። "ትዝታ ነው" ብሎ በቴሌቪዥን መልሶ ማሳየት ማስተዋወቅ ነው ወይስ አይደለም? እኔ በሁለቱም ወገን ቆሜ ልከራከርበት እችላለሁ (ክፍያው ይወስናል)። የሳሙናውን ዘፈን የደረሰውም ሰው አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቅለታል። 30 ሰከንድ ዘፈንም ዘፈን ነው።

የታይዋኑ ዴክ ሠሪ፦
ጠበቃው ልክ ነው፣ ማሠራጨቱን ተዉት። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ጊዜ የለም።

ካሴት ቀርጻችሁ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፦ ጎበዝ ቀራጭ ድራማ ሲቀርጽ ማስታወቂያ ሲመጣ ፖዝ ይጫናል፣ ሲያልቅ ይለቃል። ስለዚህ የጎበዞቹ ካሴት ላይ ማስታወቂያ የለም። ዛሬ እኔ እጅ የሚገባው እንቅልፍ የወሰደው ሰው፣ ፖዝ መጫን የረሳ ሰው የቀረጸው ነው። በስህተት የተረፈ ነገር ነው፣ ማንም ሊያስቀምጠው ብሎ አላስቀመጠውም። ቢቢሲን የሚያህል ድርጅት እንኳ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ቴፕ ውድ ነው ብሎ የራሱን ፕሮግራም አጥፍቶ ሌላ ይቀርጽበት ነበር። አንዳንዱ ኋላ የተገኘው በግለሰብ እጅ ነው። አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ማሪዮን ስቶክስ የምትባል ሴት ከ30 ዓመት በላይ ቤቷ ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ቀርጻለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ስትሞት 70,000 ያህል ካሴት ትታ ሄደች፣ ዜናው ከነማስታወቂያው። ጎረቤቶቿ ምን ይሏት እንደነበር መገመት ነው።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም። ያለውም በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ስንቱ ቤት ከነካሴቱ ሄደ። የሰው ነፍስ ባለቀበት ስለ ካሴት ማውራት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን በዚያ ሰሞን ጭቃ የሞላው ካሴት በፌስታል ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከአሥር አንዱን ባተርፍ ነው።

ዴኩም እያለቀ ነው። የቪኤችኤስ ዴክ ያመርት የነበረው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። እኔ ካሴት የማነብበት ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ከሌላ ከሞተ ዴክ የተፈታ ነው። እሱ ሲሞት ሌላ ፍለጋ ቆራሌው ጋ ነው የምሄደው።

የሐረሩ መምህር፦
እሺ፣ ሰማሁ። በበጀቱ ዛሬም አልስማማም። የከተማ ገንዘብ ከገባበት ደስ ደስ የሚለው ብቻ ተመርጦ ለበዓል ይታያል፣ የእናቴ ነጠላ ይቀራል። ይሰብሰብ ከተባለ ምንም ሳይቆረጥ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ዜናውም ሳሙናውም እንደተደረደሩ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ደግሞ። እናቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ካሴት አለ። ምን እንዳለበት አላውቅም፣ አጎቴ ከመሄዱ በፊት የቀረጸው ነው ይላሉ። ከቪኤችኤሱ አነስ ይላል። ታነበዋለህ?

የታይዋኑ ዴክ ሠሪ፦
ጋሼ፣ አነስ ካለ ቤታማክስ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ዴክ አለኝ፣ ላስቲኩ ግን መቀየር አለበት። እንሞክረው ብሎ ማንም ሰው ዴክ ውስጥ እንዳይከትብዎ። በመስኮቷ ወደ ውስጥ ይዩ፣ ቴፑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ እንዳይጠርጉት። በጨርቅ ጠቅልለው ቁም አድርገው ይያዙት። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ።

የሐረሩ መምህር፦
ነጭ ነገር አለው።

የታይዋኑ ዴክ ሠሪ፦
ቅዳሜን አይጠብቁ በቃ። ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ ይምጡ።